ክንዴ ላይ ሞተ

ጠላት በወጣ በዓመቱ፣ በአርበኞች በዓል ላይ፣ አንድ ከሲታ ሰው ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ የአዲሱን ገዥ ንግግር በንቀት ያዳምጣል። በጣሊያን ጊዜ ባንዳ እየመራ መንደር ያስቃጥል የነበረው ገዥ፣ ዛሬ ጎፈር ደፍቶ ይፎክራል።

«ጓዴ ግራዝማች አየልኝ እዚህ ክንዴ ላይ ነው የሞተ! ‹አገሬን አደራ› ብሎኝ ነው ያሸለበ!»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ።

«አንተ ውሻ!» አለ ሰውዬው በሆዱ።

«የሟች ዘመድ ካለ ወጥቶ ኒሻኑን ይቀበል!»

ሰውዬው ሕዝቡን እየገፈተረ ወጣ። ገዥው ኒሻኑን ደረቱ ላይ እየሰካለት፣ ፊቱን እንኳ በቅጡ ሳያየው፣ «ለግራዝማች ምኑ ነህ?» አለው።

«ራሱ ነኝ። አስረህ ለጣሊያን ካስረከብከኝ ወዲህ ከስቼ ነው።»