የወይራ እጀታ

የቶርኖ ባለሙያው ከሟች ዕቃ እስክሪብቶ በመሥራት ስሙ የተጠራ ነበር። ሐዘንተኞች የአባታቸውን ከዘራ፣ የእናታቸውን የቀንድ ማበጠሪያ ያመጡለታል፤ እሱ በቶርኖው እያዞረ፣ በመሮ እየላጠ፣ ኪስ የምትገባ ማስታወሻ ያወጣላቸዋል። ትእዛዝ ተቀባይዋ ሚስቱ ናት። ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የማን እንደሆነ የጻፈችበትን ወረቀት ታስርበታለች።

ዛሬ ጠዋት መሮውን ሲስል ከእጁ አምልጦ ወደቀና የወይራ እጀታው ተሰነጠቀ። ያየው ሰው አልነበረም።

«ሃያ ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ከዳኸኝ?» ብሎ ቀለደበትና ከመሳያው ድንጋይ አጠገብ አስቀመጠው።

ከዚያ የዕለቱን ጥቅል ፈታ። የወይራ እጀታ ነው። አውራ ጣት ቦርቡሮታል፤ የራሱን ጣት ቢያሳርፍበት ልክክ አለ። ደንግጦ ዞር አለ። መሮው ካስቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። ሁለቱን እጀታዎች ጎን ለጎን አደረጋቸው። የስንጥቁ ቦታ አንድ፣ ርዝመቱም አንድ። የመሮው ስንጥቅ ግን ገና ነጭ ነው፤ በጥቅል በመጣው ላይ ደም ደርቆበታል።

ወረቀቱን ገለበጠ። በሚስቱ እጅ ጽሑፍ «የባለቤቴ» ይላል።

ሚስቱ በሩ አጠገብ ቆማ ጥቁር ቀሚሷን ትተኩሳለች።

«አንቺ፣ ይህን እያወቅሽ ነው ቁርስ አብረሽኝ የበላሽው?»

ቀና እንኳ አላለችም።

«በል አሁን ወሬውን ተውና ዛሬውኑ ጨርስልኝ» አለችው ለስለስ ብላ። «ነገማ ማን ይሠራልኛል?»