የዓሣው ልክ

ፊዚዮቴራፒስቷ ትርሲት አንጎል የሚያነቃቃውን ኮፍያ ለሽማግሌው አጠለቀችላቸው፤ ስትሮክ የጣለውን ቀኝ እጃቸውንም እጅ ከሚያለማምደው ሮቦት ጋር አሰረችው።

«ለውጥ አለ አባባ?»

«ምን ለውጥ አለ ልጄ፤ በድን ነው።»

እጁ የዳነለት ታካሚ ተራውን ለሌላ ይለቃል። እሳቸው ደግሞ ቤታቸው ከገቡ ከግድግዳ በቀር የሚያዋሩት የላቸውም።

ሮቦቱ እጃቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ፣ በወጣትነታቸው ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ስላጠመዱት ዓሣ ያወጉላት ጀመር። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ትርሲት ማሰሪያውን ፈታችላቸው። እሳቸው ግን ጨዋታው ሞቋቸው ነበር።

«ስጎትተው ይህን የሚያህል አምባዛ!» ብለው ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ።

የሁለቱም ዓይን ቀኝ እጃቸው ላይ አረፈ።

ትርሲት የተዘረጋውን ቀኝ እጅ ቀስ አድርጋ ጭናቸው ላይ መለሰችው።

«በሉ፣ የዓሣውን ነገር ነገ ይጨርሱልኛል» አለች።