የወረቀት ሴት

ግድግዳ ማለት ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ፣ አንዱን ቤተሰብ ከሌላው ዓይን የሚጋርድ ነገር ነው። ጆሮን በተመለከተ የተሰጠው ተግባር የለም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ግድግዳ ነበር። በወዲህ በኩል የጨርቅ ነጋዴው ጀማሉዲንና ሚስቱ ሐዲጃ ይኖራሉ። በወዲያ በኩል ቀድሞ የጨው መጋዘን የነበረ ክፍል አለ። ከፊት የሰው በር፣ ከኋላ በወንዙ በኩል ደግሞ አህያ የሚራገፍበት በር አለው። የጨው ንግዱ ከቀረ ወዲህ በዚያ የሚገባ አህያ የለም፤ ቁልቋል ሸፍኖታል። ጀማሉዲን ክፍሉን ለሐብተ ማርያም አከራይቶታል።

ሐብተ ማርያም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ሥራው ምስክር የተናገረውን እንደ ወረደ መጻፍ ነው። ከራሱ አንድ ቃል መጨመር አይፈቀድለትም፤ ጨምሮም አያውቅም። ልጅ ሳለ አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ ዜማ ሊያስተምሩት ሞክረው ነበር። ድምፁ ከፍ በል ሲሉት አልወጣ፣ ዝቅ በል ሲሉት አልወርድ ስላለ ዜማውን ትተው ልጃቸውን ሰጡት።

ልጃቸው እንኳየሁ ትባላለች። ሦስት ልጆች ወልዳለታለች፤ ሦስቱም ይጮኻሉ። ክፍሉን የተከራየውም ለዚህ ነበር። ጣሊያን ትቶት በሄደው ሲኒማ ቤት ፊልም ማየት ከጀመረ ወዲህ ሐብተ ማርያም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ለፊልም የሚሆን ታሪክ መጻፍ። ፊልም ሊሠራ ያሰበ አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ለጥምቀት ሰው እንደሚልክ ተሰምቷል።

ስለዚህ ከቢሮ ወጥቶ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ለራት ይወጣል። ልጆቹ አባታቸውን የሚያዩት ሲጎርስ ብቻ ሆነ።

በኅዳር ሐዲጃ እንኳየሁን ጠራቻት።

«ባልሽ ሲጽፍ ይናገራል እንዴ?»

«የቄስ ተማሪ ነበር። ድምፁን ካላሰማ ማንበብም መጻፍም አይችል።»

«እሱስ ይናገር። ሴት ናት እኮ የምትመልስለት።»

እንኳየሁ እንዝርቷን አስቀመጠች። «ምን እያለች?»

«‹መቼ ነው የምትነግራት?› አለችው። ‹የአዲስ አበባው ሰው መጥቶ ይሂድ› አላት። እናኑ እያለ ነው የሚጠራት። ከፀዳ እስከዚህ በእግር መምጣት ደከመኝ ስትልም ሰምቻለሁ። ደሞ ትስቃለች።»

ያን ዕለት ራት ላይ እንኳየሁ ልጆቹ እስኪነሱ ጠበቀች።

«እናኑ ማን ናት?»

ሐብተ ማርያም የጎረሰውን ዋጠ። «የፊልሜ ሴት።»

«ቤቷ የት ነው?»

«ወረቀት ላይ።»

«ሐዲጃ ፀዳ ነው ብላኛለች።»

«ሐዲጃ ሸጋ ጆሮ አላት። በፊልሙም ፀዳ ነው።»

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ሐዲጃ ደጅ ተቀምጠው ጥጥ እየፈለቀቁ የክፍሉን በር ጠበቁ። ሐብተ ማርያም ብቻውን ገባ። ጥቂት ቆይቶ ሴት ስትስቅ ተሰማ። እንኳየሁ ጥጡን ጨብጣ ቀረች። በኋላ ጸጥ አለ። በሩ ተከፈተና ሐብተ ማርያም ብቻውን ወጣ፤ የወንዝ ጭቃ የነካውን ጫማውን ደፉ ላይ ጠራርጎ በሩን ቆለፈ።

«ወይ ጂን ናት፣ ወይ እውነትም ወረቀት ናት» አለች ሐዲጃ።

እንኳየሁ አልሳቀችም። የልጆቹን ልብስ ጠቅልላ ልትወጣ ተሰናዳች፤ ለአባቷም መልእክት ላከች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለቃ ተክለ ጊዮርጊስና ጀማሉዲን ለሽምግልና ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉ አለቃ፣ «ሚስትህ ልጆቼን ይዤ ቤትዎ ልግባ እያለች ነው። ለእነሱ የሚሆን ቦታ አላጣም። በፊት ግን ያቺን ሴት አምጣት።»

ሐብተ ማርያም የወረቀት ጥቅልል ከኮቱ ውስጥ አወጣ። «ይቺውና፣ አባቴ።»

«አንብባት።»

አነበበ። «መቼ ነው የምትነግራት? የአዲስ አበባው ሰው መጥቶ ይሂድ።» የመንገዱ ድካምም፣ ፀዳም እዚያው ነበሩ። የሴቲቱንም የወንዱንም ቃል በዚያችው በአንዲቷ ድምፁ ዘለቀው፤ ክስ የሚያሰማ ይመስል ነበር።

«ቃሉስ የሰማሁት ነው» አለች ለምስክርነት የተጠራችው ሐዲጃ። «ድምፁ ግን እንዲህ አልነበረም።»

«ታዲያ በአማቱ ፊት እንደ ሴት ይሳቅልሽ?» አለ ጀማሉዲን። አለቃም ሳያስቡት ሳቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«በሩን ጠብቀሻል አሉ። ሴት ስትገባ አየሽ?»

«አላየሁም።»

«ስትወጣስ?»

«አላየሁም፣ አባቴ።»

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተነጋገሩም። የሰው ስም ያለ ጥፋቱ ጎድፏል፤ ያጎደፈ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። እንኳየሁ ከደጅ ድንጋይ አንሥታ ማጅራቷ ላይ አድርጋ በባሏ ፊት ጎንበስ አለች። ሐብተ ማርያም ወዲያው «በቃ፣ ተነሽ» ብሎ ድንጋዩን አወረደላት።

«ምነው ቶሎ አወረድከው?» አሉት አለቃ።

«ከብዶኝ ነው።»

ከዚያ ወዲህ እንኳየሁ ልጆቹን በክፍሉ በኩል እንዳያልፉ ከለከለች። ሳቁ ሲሰማ ሐዲጃ «ዛሬ ደግሞ እየጻፈልሽ ነው» ትላታለች፤ እሷም ፈገግ ትላለች።

የኩባንያው ሰው ለጥምቀት መጣ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ሰው ሲነጋገር ሰምተህ የጻፍከው ይመስላል። ግን መጨረሻ የለውም።»

«ገና አልደረሰም» አለ ሐብተ ማርያም።

«መቼ ይደርሳል?»

ሐብተ ማርያም አሰበ። «በሰኔ» አለ።

ሰውየው እስከ ሰኔ የሚቆይ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ፊልሙም አልተሠራም።

እናኑ በሰኔ ማርያም ዕለት ፀዳ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች።