የሚወስዱት መድኃኒት

እሱና ሚስቱ ጥሩወርቅ የጋብቻቸውን ሃያኛ ዓመት ብራዚል ሄደው ሊያከብሩ አስበው፣ የጉዞ ኢንሹራንስ ለመምረጥ አንድ ቢሮ ገቡ። ሠራተኛዋ ውዱንም ርካሹንም ካስረዳቻቸው በኋላ፣ «ጋሼ፣ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለችው።

«ኧረ ምንም የለ! ጤነኛ ነኝ» አለ ፈጠን ብሎ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሚስቱ ተደብቆ የሚውጠው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ትዝ አለውና በኀፍረት ፊቱ ጋለ።

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«እኔ እወስዳለሁ» አለች ጥሩወርቅ ረጋ ብላ። «የኤች አይ ቪ ነው። ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ።»

ባልየው አንገቱን ደፋ።

«የሱንም እንደኔው ጻፊው፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ሁለታችንንም የሚሸፍነው የትኛው ነው?»