አገር ስጠኝ

ወንዙ ሞልቶ ነበርና፣ ታንጉትን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ ድሬሰር ይወስዷት የነበሩት አራት ጎረቤቶች በዳሩ ካለ ዋርካ ሥር አሳረፏት፤ የውሃውን መጉደልም ይጠብቁ ጀመር። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ባሏ ባዬ እጇን ይዞ ከራስጌዋ ተቀመጠ። ሌላ የሚያደርግላት ቢያጣ፣ አረም ሲያርሙ እንደሚጨዋወቱት እንቆቅልሽ ይጠይቃት ገባ።

"ላም ስትነሣ በፊት እግሯ ነው በኋላ እግሯ?"

"በኋላ እግሯ። በፊት እግሩ የሚነሣው ፈረስ ነው" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

"አውራ ዶሮስ ሲጮኽ ለምን ይጨፍናል?"

"ዜማውን በቃሉ ስለሚያውቀው ነዋ፣ እንደ መሪጌታ!"

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እሷም ልትስቅ ስትል ሕመሙ መጣባትና ከንፈሯን ነከሰች። ጥቂት ቆይቶ ሲለቃት፣ "አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ" አለች። "እስከ ትናንት ማታ ሲራገጥ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ከንጋት ጀምሮ ዝም ያለው ለምንድን ነው?"

ባዬ መዳፉን ሆዷ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ተሸካሚዎቹ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። እሱ ግን እጁን ሳያነሣ ብዙ ጠበቀ።

"አላወቅሁም" አለ በመጨረሻ።

"እንግዲያው አገር ስጠኝ።"

"የቱን ልስጥሽ፣ እቴ?"

"ፍኖተ ሰላምን።"

የከተማው ቆርቆሮ ከማዶ ያብለጨልጭ ነበር። ባዬ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ወረደና ዱላውን ክንዱ እስኪርስ ድረስ ውሃው ውስጥ ሰደደው። መሬት አላገኘም።