የመኪናዋ ቀጠሮ

መልከ ጼዴቅ አዲሷን ፒካፕ ከጎንደር ያመጣት በኅዳር ነው። ነጭ ናት፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። ከዳባት ወደ ላይ በጠጠሩ መንገድ እየተንገጫገጨች ግቢ ስትገባ አገሩ ሁሉ ወጥቶ አያት። ምራቱ ሊድያም ወጣች። እሷ ግን ሆዷን ይዛ፣ በዚህች መኪና ደባርቅ ስንት ሰዓት ይወስድ ይሆን እያለች ታሰላ ነበር።

ነፍሰ ጡር ናታ! ካቻምና የመጀመሪያ ልጇን እዚሁ ቤት አምጣ፣ አምቡላንሱ የደረሰው ሕፃኑ ትንፋሹን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ እሷም ለጥቂት ተረፈች። ሐኪሙ ያን ጊዜ፣ «ሁለተኛውን ደባርቅ ሆስፒታል ካልወለድሽ አንቺም አትተርፊም» ብሏታል። ባሏ ቃለ አብ ደግሞ ለሥራ መተማ ወርዷል። እንግዲህ ምን ቀራት? ያች ነጭ መኪና ብቻ።

መልከ ጼዴቅን ለመነችው እኮ። ጉልበቱን ስማ ለመነችው።

«አባባ፣ ቀኔ ሲደርስ ደባርቅ ያድርሱኝ።»

መልከ ጼዴቅ ይህችን ልጅ ከመጀመሪያውም አልወደዳትም፤ ልጁ ሽማግሌ ሳይልክ ከዳባት ይዟት የመጣ ናት።

«ሚስቴ ሰባት ልጅ እዚሁ መደብ ላይ ነው የወለደች» አላት። ከሰባቱ ያደጉት ሁለት መሆናቸውን አላነሣም። «ሚካኤልን! ለአንቺ ምጥ ብላ ይህች መኪና አንዲት ጎማ አታዞርም!»

በሚካኤል ከማለ ማለ ነው። ዓለም ቢገለበጥ መሐላውን አያፈርስም። ሊድያ ቀና ብላ አማቷን ማንጠግቦሽን አየቻት። ማንጠግቦሽ ምስሯን ትለቅማለች።

«ደግ ብለሃል» አለችው ባሏን፣ ከሰፌዱ ቀና ሳትል። «መኪና የሰው አልጋ አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ የማንጠግቦሽ ወሬ ሁሉ መኪናዋ ሆነ። በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ሾፌሩን ያርጋልን ከፊቷ አስቀመጠችው።

«ይህች መኪና መች ነው የምትታየው?»

«የመጀመሪያው ሰርቪስ በሺህ ኪሎ ሜትር ነው፣ እትዬ። ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፣ ፍሬኗ ይታያል፣ ብሎኑ ይጠብቃል። በዚህ አያያዛችን በጥር አጋማሽ ይሞላል። ዳባት ጋራዥ አለ፣ ቅርብ ነው...»

«ዳባት አልፈልግም! የዚህች አገር ሰው እጁን አያስገባባትም» አለች፣ በአገጯ ሊድያን እያሳየች። «ደባርቅ ትሂድ። በይ አንቺ፣ ተምሬያለሁ ትይ የለ? ጻፊ። ጥር አሥራ ሁለት።»

የሊድያ እጅ ቆመ። የጤና ባለሙያዋ የቆጠረችላት ቀን ጥር አሥራ ሰባት ነው። ማንጠግቦሽም ታውቃለች፤ ሲነገር አብራ ሰምታለች።

«በሚካኤል በዓል ማን ጋራዥ ይከፍታል?» አለ ያርጋል።

«ደጁ ላይ ተራ ትያዛ! በማግሥቱ ሁሉም ሲግተለተል እሷ ቀድማ ትግባ። ደኅና አድርገው እስኪያዩዋት አሥር ቀንም ቢሆን እዚያው ትቆይ።»

«እማማ» አለች ሊድያ፣ «ያ እኮ የእኔ...»

«የአንቺን ማን ጠየቀሽ? ጻፊ ነው ያልኩሽ!»

መሐላውስ መሐላ ነው፤ ቢሆንም ሊድያ፣ ጩኸቴን ሲሰማ ልቡ ይራራ ይሆናል ብላ ነበር። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ከሌለች ቢራራስ ምን ያደርግላታል?

መልከ ጼዴቅ ከበሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። የምራቱን ፊት አየና ደስ አለው።

«ጥር አሥራ ሁለት! ከዚህች ቀን ዝንፍ ያለ ወዮለት!» ብሎ ወጣ።

ሊድያ ጻፈች።

«አነዳዱሳ?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ሮዳጅ ላይ ናት፣ አዲስ ሞተር አይጣደፍም። ከአርባ በላይ አልነዳትም።»

«ከሠላሳ በላይ ብትነዳት አልምርህም። ጉድጓድ ሲገጥምህ ወርደህ እየው። ገበያተኛ እንዳትጭን፣ እህልም እንዳትጭን። ከኋላዋ ፍራሽ ይነጠፍ።»

«ፍራሽ?»

«ቀለሟ እንዳይላጥ ነዋ!»

ሊድያ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ «ሁለተኛው ሰርቪስስ? አምስት ሺህ ልበል?» አለች።

«እሱን ክፍት ተዪው። አርባ ቀን ይሁን ሰማንያ፣ ያን ጊዜ እናያለን።»

ያርጋል በሳቅ ፈነዳ። «እትዬ፣ መኪናዋን ክርስትና ሊያስነሧት ነው እንዴ?»

«ከስንቱ ሰው እሷ ትሻላለች» አለች ማንጠግቦሽ፣ የሊድያን ሆድ እያየች።

ወረቀቷ ምሰሶው ላይ ተሰካች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ወር ሙሉ አማትና ምራት ከእህል ውሃ በቀር ቃል አልተለዋወጡም። ሊድያ ባለፈች ባገደመች ቁጥር የገዛ እጅ ጽሕፈቷን ታነባለች። ማንጠግቦሽ ደግሞ ማንበቡን ባታውቅበትም በየጠዋቱ ወረቀቷን በጣቷ ነካ ታደርጋታለች፤ እንደ ሥዕል።

ጥር አሥራ ሁለት ደረሰ። መልከ ጼዴቅ በማለዳ ነጭ ለብሶ ታቦተ ሚካኤልን ሊሸኝ ወጣ፤ እስከ ማታ አይመለስም። የከበሮው ድምፅ ከሸንተረሩ ማዶ ይሰማል። ያርጋል ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቀ። ፍራሹ ከኋላ ተነጥፏል።

ሊድያ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻለችም።

«እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ሲቀብሩ ያችን ወረቀት አብረው ይቅበሯት!»

ማንጠግቦሽ ጓዳ ገብታ አንድ ጥቅልል ጨርቅና አንዲት በርጩማ ይዛ ወጣች። ቀጥ ብላ ወደ መኪናዋ ሄደች።

በርጩማዋን ከመኪናዋ ጀርባ አስቀመጠች፣ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ ፍራሹ ላይ አነጠፈች፣ እጇንም ዘረጋች፦ «ነይ ልጄ፣ ውጪባት፤ መኪናዋ እንደሆነች ለራሷ ጉዳይ ነው የምትሄድ።»