የምስክር ስልክ ቁጥር

ልጅቷ ኦስሎ ከገባች ስምንት ወሯ ነው፤ ዛሬ አሥራ አራተኛው የኪራይ ቤት አመለጣት። ጫማዋን የምትኖርበት የአክስቷ ቤት በር ሥር ወርውራ፣ «መልኬን አይተው ነው!» ብላ ጮኸች። ደሟ ፈልቷል። አከራዮቹ ፈገግ እያሉ ቤቱን ያሳዩዋታል፣ ቅጽ ያስሞሏታል፣ በማግስቱ «ይቅርታ» ይሏታል። ቅጹ አሁን የምትኖርበትን ቤት ባለቤት ስልክ ይጠይቃል፤ ደውለው ጠባይዋን ሊያጣሩ ነው። እሷም ሁልጊዜ የአክስቷን ቁጥር ትጽፋለች። ከሥጋ ዘመድ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

«ተያቸው፣ ድሮም ሰው አይወዱም» አለቻት አክስቷ የውብዳር፣ መንታ ልጆቿን አስታቅፋት ወደ ሥራ እየወጣች። «እኔ ቤት ምን ጎደለሽ?»

ቅዳሜ አሥራ አምስተኛውን ቤት አይታ መጣች። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ወደዷት፤ «ሰኞ ጠዋት አክስትሽ ጋ እደውላለሁ» አሏት።

ሰኞ ጠዋት መንትዮቹን ገንፎ ስታጎርስ የአክስቷ ስልክ ጠራ። አክስቷ እዚያው አጠገቧ ቆማ በኖርዌይኛ መለሰች። ልጅቷ ከሕፃናቱ ጋር ካርቱን ስታይ ቋንቋውን እንደለቀመች አክስቷ ልብ ብላ አታውቅም።

«ልጅቷ ደግ ናት» አለች አክስቷ በለሰለሰ ድምፅ፤ «ችግሩ ትጠጣለች። ባለፈው ምድጃ ላይ ድስት ረስታ ቤቴን ልታነደው ነበር።»

ስልኩን ዘጋችና ወደ አማርኛዋ ተመለሰች። «ይኸውልሽ፣ ለሌላ ሰው ሰጥተናል አሉ። ዘረኞች!»

ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ልጅቷ መንትዮቹን አነሳችና ሁለቱንም ለእናታቸው አስታቀፈቻት።

«ገንፏቸውን አልጨረሱም» አለቻት፣ በኖርዌይኛ።